ውሉን መፈለግ፦ ሹራብ እየሠሩ ትዕግሥትን የመለማመጃ መመሪያ

«ትዕግሥት የለኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ተፈጥሮው የሚያወራ ይመስለዋል። እንደ ቁመት፣ እንደ ዓይን ቀለም አብሮት የተወለደ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የጀመርኩትን መጽሐፍ 30 ገጽ ሳልደርስ አስቀምጠዋለሁ። አዲስ ቋንቋ መማር ጀምሬ በሁለተኛው ሳምንት ትቼዋለሁ። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት መርፌና አንድ ጥቅል ክር ናቸው።

አክስቴ ሹራብ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ክሯን እየጠቀለልኩላት ነበር። ክሩ ተወሳሰበብኝ። ተናድጄ ጎተትኩት። ቋጠሮው የባሰ ጠበቀ። ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና «አትጎትቺው የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ ውሉን ፈልጊ» አለችኝ። ክሩን ላላ ላላ አድርጋ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ጫፉን አገኘችው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ የጥቂት ደቂቃ ነበር። ነገር ሲምታታብን «ውሉ ጠፋብኝ» እንላለን። የዚያን ቀን ቃሉን በእጄ ያዝኩት ማለት ይቻላል።

ይህ መመሪያ መርፌ ይዞ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ሹራብ መሥራትን ያሳያል። ከዚያ በላይ ግን እጅ ሲሠራ ልብ ምን መልመድ እንዳለበት ያሳያል።

ለምን ሹራብ?

ትዕግሥት ሲባል ዝም ብሎ መጠበቅ ይመስለናል። ሹራብ ላይ መጠበቅ የለም፤ እጅ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። እዚህ የምትለማመዱት ሦስት ነገር ነው። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ደጋግሞ መሥራት፣ ስህተትን ሳይደነግጡ ማየት፣ የሠሩትን አፍርሶ እንደገና መጀመር። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ ከታች ረጅሙን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

እንጨት አንዴ አሳጥረው ከቆረጡት አይረዝምም። ጨርቅም ከተቆረጠ በኋላ እንደነበረው አይሆንም። ሹራብ ግን ከአንድ ወጥ ክር የሚሠራ ነው። ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ ጨርቅ ይሆናል። መርፌውን አውጥታችሁ ክሩን ስትስቡት ሁሉም ይተረተራል፤ ክሩ ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ብትሳሳቱ የምታጡት ጊዜ ብቻ ነው። ለመሳሳት ይህን ያህል የሚመች ሥራ ብዙ አላውቅም።

ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው ማሽን አለ። ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ መሣሪያ የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ከ400 ዓመት በላይ አለፈው። ሰው ግን አሁንም በእጁ መሥራቱን አልተወም። ዝግታው ራሱ የሚሰጠው ነገር ስላለ ይመስለኛል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ሁለት ቀጥ ያሉ የሹራብ መርፌዎች፣ ውፍረታቸው 5 ሚሊ ሜትር። ከተገኘ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ይሁን። የብረት መርፌ ያንሸራትታል፤ ለጀማሪ ቀለበቶቹ ያመልጡታል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ ሱፍ ወይም የአክሪሊክ ክር። የጥጥ ክር አይለጠጥም፤ እጅንም ቶሎ ያደክማል፤ ለኋላ አቆዩት። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን። ጥቁር ክር ላይ ቀለበቱን ከቀለበቱ መለየት ከባድ ነው። ፀጉራም ክርም አትግዙ፤ ያምራል፣ ግን ስትተረትሩት እርስ በርሱ ተያይዞ አይላቀቅም። የእኛ ትምህርት ደግሞ በመተርተር ላይ ነው።

ከእነዚህ ሌላ መቀስ፣ ኪሮሽ፣ ጫፏ ያልሾለ ትልቅ የስፌት መርፌ፣ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክርና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በቃ።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ክሩን በእጅ መጠቅለል

ብዙ መመሪያዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ አልዘለውም። ክሩ ተጠቅልሎ የተሸጠ ቢሆንም ፍቱትና በእጃችሁ እንደገና ጠቅልሉት። አጥብቃችሁ አትጠቅልሉ፤ ሱፍ ተወጥሮ ከቆየ የመለጠጥ ባሕርዩን ያጣል። በአራት ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት፣ ጣቶቻችሁን አውጡ፣ አዙራችሁ ቀጥሉ።

የሆነ ቦታ ላይ መወሳሰቡ አይቀርም። ያን ጊዜ አቁሙ። የተወሳሰበውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በሁለት እጅ ከዳር ወደ ውጭ ላላ አድርጉት፤ ቋጠሮ ለመፍታት አትቸኩሉ። ጫፉን ፈልጉ። ጫፉን በሰፋው ቀዳዳ እያሳለፋችሁ የወጣውን ወዲያው ጠቅልሉ። እንደ ቋጠሮ ከሚታየን ነገር አብዛኛው ቋጠሮ አይደለም። የላላ ክር ተደራርቦ ነው። የሚቋጥረው የእኛ መጎተት ነው።

መጀመሪያ፦ 20 ቀለበት መርፌ ላይ ማድረግ

ከክሩ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ፣ ሲስቡት የሚጠብቅና የሚላላ ቋጠሮ ሥሩ። ግራ እጃችሁ ባለው መርፌ ላይ አጥልቁት። ይህ የመጀመሪያው ቀለበት ነው።

አሁን የቀኙን መርፌ ጫፍ ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ ውስጥ አስገቡ። ሁለቱ መርፌዎች ይሻገራሉ፤ ቀኙ ከኋላ ይሆናል። ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር በቀኙ መርፌ ጫፍ ላይ ከሥር ወደ ላይ አንዴ ጠምጥሙት። ያንን የተጠመጠመ ክር በመርፌው ጫፍ ይዛችሁ በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት አውጡት። ቀኝ መርፌ ላይ አዲስ ቀለበት ተፈጠረ። እሱን ወስዳችሁ ግራ መርፌ ላይ አጥልቁት። ሁለት ሆኑ ማለት ነው። 20 እስኪሞላ ድረስ በመጨረሻው ቀለበት ላይ ይህንኑ ድገሙ።

ግራኝ ለሆናችሁ፦ በሹራብ ሥራ ሁለቱም እጅ ይሠራል። ብዙ ግራኞች እንዳለ በዚሁ አቅጣጫ ይማሩታል። መጀመሪያ እንዲሁ ሞክሩት።

ረድፍ መሥራት፦ ግባ፣ ዙር፣ ውጣ፣ ጣል

እንቅስቃሴው ያው ነው፤ የሚለየው መጨረሻው ብቻ ነው። መርፌው ይገባል። ክሩ ይዞራል። አዲሱ ቀለበት ይወጣል። ከዚያ አዲሱን ወደ ግራ አትመልሱትም፤ ቀኝ መርፌ ላይ ይቆያል። አሮጌውን ቀለበት ግን ከግራ መርፌ ላይ ትጥሉታላችሁ። ግባ፣ ዙር፣ ውጣ፣ ጣል። ሃያውም ቀኝ መርፌ ላይ ሲደርሱ መርፌዎቹን በእጃችሁ ቀያይሩና እንደገና ጀምሩ።

አራቱን ቃላት ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። ዝም ብዬ የምሰጠው ምክር አይደለም። አፍ ሲናገር ሐሳብ ወደ ሌላ ቦታ መሸሽ ይከብደዋል። ከ10 ረድፍ በኋላ ቃላቱ በራሳቸው ይጠፋሉ፤ እጃችሁ ይይዘዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ክሩን ያጠብቃል። እኔ እስከ ትከሻዬ ድረስ ተወጥሬ ነበር። ቀለበቶቹ መርፌው ላይ ወዲያ ወዲህ ካልተንሸራተቱ አጥብቃችኋል ማለት ነው። ትከሻችሁን አውርዱ። ክሩን በትንሿ ጣታችሁ ላይ አንዴ ጠምጥሙት፤ እሱ ይቆጣጠርላችኋል። የክሩ መጥበቅና መላላት የዕለቱን ስሜታችሁን ያሳያል። ተናድጄ የሠራሁትን ረድፍ ከሳምንት በኋላም አውቀዋለሁ፤ ከሌላው ጠበብ ይላል።

በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ሥሩ። ሰዓቱ ሲደርስ የያዛችሁትን ረድፍ ጨርሱና አስቀምጡ። ረድፍ መሃል ላይ አታቁሙ፤ ቀለበት ይወድቃል፣ አቅጣጫም ይጠፋል። «ትንሽ ልጨምር» የሚለው ፍላጎት ይመጣል። አትጨምሩ። ነገ የምትመለሱት ስላልጠገባችሁ ነው። አንጓ ወይም ክንድ ካመማችሁ ደግሞ 15 ደቂቃውንም አትጠብቁ፤ ወዲያው አቁሙ።

መቁጠር

እያንዳንዱ ረድፍ ሲያልቅ ቁጠሩ። ሃያ መሆን አለበት።

የመጀመሪያውን ሻርፕ ስሠራ መቁጠር ሰልችቶኝ ነበር። በ24 ጀምሬ በ41 አገኘሁት። ሻርፑ ሦስት ማዕዘን ሆኗል። ጥፋቱ የት እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ረድፍ ስንጀምር ክሩ ከመርፌው በላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ከተጎተተ፣ የመጀመሪያው ቀለበት ወደ ላይ ይሳባል። አንዱ ቀለበት ሁለት እግር ያወጣና ሁለት ይመስላል። እኛም ሁለት ጊዜ እንሠራዋለን። ስለዚህ ረድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩ ከመርፌው በታች መሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጡ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አንድ ረድፍ መቁጠር ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ያልቆጠርኩት ሻርፕ ግን አንድ ወር ወስዶብኛል።

መተርተር

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያቆማል። ስህተት ያያል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሥራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይከታል። ከዚያ በኋላ «ሞክሬው ነበር፣ አልሆነልኝም» ይላል። እኔ ደግሞ ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ነው እላለሁ።

ስህተት ስታዩ መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። መርፌዎቹን አስቀምጡ። እጃችሁን ዘርጉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ስህተት የሚያድግ ነው ወይስ ባለበት የሚቀር? የወደቀ ቀለበት ያድጋል፤ ወደ ታች እየተተረተረ ይሄዳል። የቁጥር መብዛትም ያድጋል፤ ጨርቁን ያሰፋዋል። ትንሽ ላላ ያለች ቀለበት ግን ባለችበት ትቀራለች። ከታጠበች በኋላ ላትታይም ትችላለች። የሚያድገውን አርሙ። ባለበት የሚቀረውን ተዉት። ጽናት ሁሉን ነገር ፍጹም ማድረግ ይመስላቸውና በየረድፉ የሚተረትሩ ሰዎች አይቻለሁ። ሥራቸው ከ10 ረድፍ አይዘልም። ያ ጽናት አይደለም።

ስህተቱ እዚያው ረድፍ ላይ ከሆነ ቀለበት በቀለበት ተመለሱ። የግራውን መርፌ፣ ቀኝ መርፌ ላይ ካለው ቀለበት ሥር ባለው ቀለበት ውስጥ ከፊት አስገቡ። የላይኛውን ከቀኝ መርፌ ልቀቁና ክሩን ሳብ አድርጉት። አንድ እርምጃ ተመለሳችሁ። ዘገምተኛ ነው፤ ግን ምንም አይበላሽም።

ቀለበት ወድቆ ገና ሩቅ ካልሄደ በኪሮሹ ያዙትና ወደ መርፌው መልሱት። ብዙ ረድፍ ወርዶ ከሆነ፣ በዚህ አሠራር እያንዳንዱን እርከን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያፈራረቁ ማውጣት ይጠይቃል። ለጀማሪ ያደናግራል። እስክትለምዱት ድረስ መተርተር ይቀላል።

ብዙ ረድፍ ለመተርተር መርፌውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አለባችሁ። ይህ ያስፈራል። ፍርሃቱን የሚያቀል አንድ ዘዴ አለ። በየ10 ረድፉ፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ስታረጋግጡ፣ ሌላ ቀለም ያለውን ቀጭን ክር ጫፏ ባልሾለው መርፌ ላይ አስገቡና መርፌ ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ አሳልፉት። ክሩን እዚያው ተዉት፤ ሥራችሁን ቀጥሉ። በኋላ ስትተረትሩ መተርተሩ እዚያ ክር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀለበቶቹ ሁሉ ተሰልፈው ይጠብቋችኋል። መርፌውን በእነሱ ውስጥ መልሳችሁ ታስገባላችሁ።

ይህን ክር በጣም እወደዋለሁ። ከዚህ ሥራ ወጥቼ ወደ ሌላ ነገር የወሰድኩት ልማድ ከእሱ የመጣ ነው። ረጅም ጽሑፍ ስጽፍ፣ ቤት ሳደራጅ፣ አዲስ ነገር ስማር፣ «እስከዚህ ድረስ ደህና ነው» የምልበት ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ነገሩ ሲበላሽ ከዜሮ አልጀምርም። ከምልክቱ እጀምራለሁ። ተስፋ የሚያስቆርጠን ብዙ ጊዜ ስህተቱ አይደለም፤ ሁሉም ነገር የፈረሰ መምሰሉ ነው።

አሁን ለከባዱ ልምምድ። 20 ቀለበት፣ 40 ረድፍ ስትሠሩ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ይወጣችኋል። 800 ቀለበት ሠርታችኋል። ፎቶ አንሱት። ከዚያ መርፌውን አውጡና ሙሉውን ተርትሩት።

አዎ፣ ሙሉውን። ሳይበላሽ፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ በፈቃዳችሁ። ለመተርተር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ክሩ ተጠማዞ ይወጣል፤ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አንጠልጥሉት፣ ሲደርቅ ይስተካከላል። ከዚያ ያንኑ ካሬ እንደገና ሥሩ። ሁለተኛው ካሬ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ያልቃል፤ ጠርዙም የተስተካከለ ይሆናል። ክሩ አልጨመረም፣ መርፌው አልተቀየረም። የተቀየረው እጃችሁ ነው። ይህን አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁ መተርተር እንደ በፊቱ አያስደነግጣችሁም። እኔ ይህን ልምምድ የዘለለ ጀማሪ አይቼ፣ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት ላይ ሲያቆም አይቻለሁ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ አትዝለሉት።

ሻርፕ፦ የ60 ቀን ሥራ

ካሬው የመተርተርን ፍርሃት ያወጣል። ጽናትን የሚያስተምረው ግን ረጅም ሥራ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 150 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሻርፕ ሥሩ። በዚህ መርፌና ክር ወደ 30 ቀለበትና 480 ረድፍ ይሆናል። የእጅ ጥብቀት ስለሚለያይ የእናንተ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 30 በ480 ሲባዛ 14,400 ቀለበት ነው። ከ200 እስከ 250 ግራም ክር ያስፈልጋል። ክሩን አንዴ ግዙት፤ መጠቅለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን። አለበለዚያ ቀለሙ መሃል ላይ ይለያያል።

14,400 ብላችሁ አታስቡ። 8 ረድፍ ብላችሁ አስቡ። 8 ረድፍ በ15 ደቂቃ አካባቢ የሚሠራ ነው። በቀን 8 ረድፍ ከሠራችሁ በ60 ቀን ያልቃል። ደብተራችሁ ላይ በየቀኑ የረድፉን ቁጥር ብቻ ጻፉ። አስተያየት አትጻፉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። የመጨረሻው ሳምንትም ደስ ይላል። አስቸጋሪው መሃሉ ነው። ከ20ኛው እስከ 45ኛው ቀን ድረስ የምትሠሩት ሁሉ ያደገ አይመስልም። ትናንትም ያው፣ ዛሬም ያው። እኔ ሁለት ሻርፕ የተውኩት እዚያው መሃል ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር አደረግኩ። በየቀኑ ስጀምር፣ ሥራው ጠርዝ ላይ ቀይ የክር ቁራጭ አስራለሁ። ስጨርስ ከቀዩ ክር በላይ ያለውን አያለሁ። ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ ነው። የዛሬ ሥራዬ እሱ ነው፤ ይታያል፣ ይዳሰሳል። በነገታው ክሩን ፈትቼ ወደ ላይ አዛውረዋለሁ። ከጠቅላላው ርዝመት ጋር መታገል አቆምኩ።

ቀን ሊዘለል ይችላል። ሕመም አለ፣ ሥራ አለ፣ እንግዳ አለ። የዘለላችሁትን ለማካካስ 16 ወይም 24 ረድፍ ለመሥራት አትነሱ። እዳ አድርጋችሁ ካያችሁት መርፌውን ማየት ትጠላላችሁ። የምትመለሱበት ቀን 2 ረድፍ ብቻ ሥሩ። በማግስቱ ወደ 8 ተመለሱ።

ጥቅሉ ሲያልቅ አዲሱን ክር ረድፍ መጀመሪያ ላይ ቀጥሉ። ከአሮጌውም ከአዲሱም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ተዉ።

መዝጋት

480ኛው ረድፍ ላይ ስትደርሱ ሁለት ቀለበት ሥሩ። በግራ መርፌ ጫፍ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሻግራችሁ ጣሉት። አንድ ቀረ። ሌላ አንድ ሥሩ፣ እንደገና አሻግሩ። እንዲህ እያላችሁ እስከ መጨረሻው። አላልታችሁ ሥሩ። ለመጨረስ ስንጓጓ እጃችን ይጠብቃል፤ ጠርዙም ይሰበሰባል። ካስቸገራችሁ ቀኙን መርፌ በወፍራም ቀይሩት። የመጨረሻዋ ቀለበት ስትቀር ክሩን ቁረጡና ጫፉን በውስጧ አሳልፋችሁ ሳቡ። የተንጠለጠሉትን ጫፎች ጫፏ ባልሾለው መርፌ በጨርቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያመላለሳችሁ ደብቁ።

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ንከሩት። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አውጡ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ጠርዞቹን በእጅ አስተካክሉ። አታንጠልጥሉት፤ በራሱ ክብደት ይረዝማል።

ሲደርቅ ሁለቱን ጫፎች አጣጥፋችሁ ጎን ለጎን አድርጓቸው። የመጀመሪያው ጫፍ ጠበቅ ያለ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። የመጨረሻው ለስለስ ያለ፣ እኩል ነው። የመጀመሪያውን ጫፍ ፈታችሁ ለማስተካከል ትፈልጉ ይሆናል። ተዉት። ባለበት የሚቀር ስህተት ነው። የተረፈውን ክር ጠቅልሉ፣ ውሉን ከላይ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ሥራ ስትመለሱ በቀላሉ ታገኙታላችሁ።